ልጄን ባቀፍኩ ድንኳን ተለካልኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልጃችሁን አቅፋችሁ ታውቃላችሁ? ስትወድቅ አንስቶ ማባበሉን አይደለም የምላችሁ። እንዲሁ በደህና ቀን፣ ሳትታመም፣ ሳታለቅስ፣ እናንተም ከመንገድ ሳትመጡ፣ ቁጭ ብላችሁ «ነይ እስቲ» ብላችሁ ማቀፍ? ካላቀፋችሁ ተጠንቀቁ። እኔ ልጄን አቅፌ ሳምንት ሳይሞላ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። እኔ ራሴ እስካሁን ደንግጬ አልጨረስኩም።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። መካነ ሰላም ከገበያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የከተማው ሰው ስሜን ትቶ «ሰፊው» ነው የሚለኝ። ከስፌቴ ይልቅ ግን የታወቅሁት በጩኸቴ ነው። ክር ሲበጠስ እጮሃለሁ። መብራት ሲጠፋ እጮሃለሁ። ሱሪ አሳጥርልኝ ብሎ ካሳጠርኩለት በኋላ «ምነው አጠረ?» የሚል ደንበኛ ሲመጣማ አዛን የሚያሰሙት ሁሉ ይቀኑብኛል። ቤቴም ያው ነው። «ሀያት! ተነሺ! ሀያት! ፊትሽን ታጠቢ! ሀያት! ዳቦውን ጨርሺው እንጂ፣ ለማን ልታተርፊው ነው?» ስል ሰፈሩ ሁሉ ልጁን የሚቀሰቅሰው በእኔ ድምፅ ነው። የግድግዳ ጎረቤቴ እትዬ በለጡ አንድ ጊዜ ሰዓታቸው ተበላሽቶባቸው «ላሠራልዎት» ብላቸው፣ «አንተ እያለህልኝ የምን ሰዓት!» አሉኝ።

ሀያት ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ለእናቷ። እናቷ ሰዓዳ ሳውዲ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤት ውስጥ ያለነው እንግዲህ ሁለት ነን፤ አንድ ጯሂ፣ አንድ ዝምተኛ።

ነገሩ የጀመረው በኮሌታ ነው። ሀያት የዩኒፎርሟን ኮሌታ ትበላለች። ስትበላ አይቻት አላውቅም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን የኮሌታው ጫፍ ርሶ፣ ክሩ ተፈልቅቆ ይመጣል። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? ጨርቁ ነው አልኩ። ቀይሬ ሰፋሁት፤ በላችው። በድርብ ገበርና በወፍራም ክር የጭነት ሸራ እንደሚሰፋ አድርጌ ሰፋሁላት፤ እሱንም በላችው። ከደሴ ጨርቅ የሚልክልኝን ነጋዴ ደውዬ ሰደብኩት። ልጁ ኮሌታ ስትበላ የጨርቅ ነጋዴ የሚሰድብ አባት አይታችኋል? ካላያችሁ ገበያ ስትወጡ ጎራ በሉ፤ ሱቄ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አንድ ቀን መምህሯ አስጠራችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስለ ኮሌታው ጥንካሬ ልታመሰግነኝ መስሎኝ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ።

«ሀያት ክፍል ውስጥ አትናገርም» አለችኝ።

«ጨዋ ስለሆነች ነው» አልኳት።

«ስሟ ሲጠራም አቤት አትልም። እረፍት ላይ ግንቡ ሥር ብቻዋን ትቆማለች። ከማንም ጋር አትጫወትም።»

«ቁጥብ ናት። በእናቷ ወጥታ ነው።»

መምህሯ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ፣ «እናቷ ከመሄዷ በፊትም እንዲህ ነበረች?» አለችኝ።

ክው አልኩ። አልነበረችማ! ይቺ ልጅ ለፍላፊ ነበረች። እናቷ «ኧረ በጀሊሉ፣ አፍሽን አሳርፊው!» እያለች ስትለማመጣት ነበር የምሰማው። ለዶሮዎቹ ስታወራ፣ ለማሰሮው ስታወራ፣ ተኝታ እንኳ ስታወራ የኖረች ልጅ መቼ ነው ዝም ያለችው? ቤት ውስጥ እኔ ሌት ተቀን እየጮህኩ የሌላ ሰው ድምፅ መጥፋቱን በምን ልወቅ!

«ልጅቷ እያየናት እየጠፋችብን ነው» አለች መምህሯ፤ «ኮሌታውን የምትበላው ጭንቀት ይዟት ነው። ቅዳሜ ከደሴ ባለሙያ ትመጣለች፣ የወላጆች ስብሰባ አለ። እንዳትቀር፣ አደራ።»

እያየናት እየጠፋችብን ነው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምሰፋውን አላውቅም። አንድ ሰው የሱሪ ዚፕ ቀይርልኝ ቢለኝ ኪሱን ዘግቼ መለስኩለት።

ቅዳሜ ሄድኩ። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፤ እኔ ሽማግሌ ጠብቄ ነበር። ቆማ ስለ ልጆች አእምሮ ጤና ትነግረን ጀመር። ልጅም ይጨነቃል አለች። ተደናገጥን። ልጅ ምን አለበትና ይጨነቃል? የሚጨነቀው የሚያበላው አይደለም እንዴ? ቀጠለች። ልጃችሁን ስታናግሩ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አድምጡት አለች። ባሰብን። እቀፉት፣ እወድሃለሁ በሉት አለች። አዳራሹ ውስጥ ወንዱ ሁሉ አቀርቅሮ የጫማውን ክር ማየት ጀመረ። አትጩሁበት አለች። ስለ እኔ ተነግሯት የመጣች መሰለኝ። በመጨረሻም «ስታጠፉ ልጃችሁን ይቅርታ ጠይቁ» አለችና አረፈችው።

ወላሂ አዳራሹ ተንጫጫ። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ይመር ለልጅ ልጃቸው መጥተው ነበር። ቅሬ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብርልን፣ ድንኳን የሚተክልልን ማኅበር። ጋሽ ይመር እጃቸውን አውጥተው ተነሡና፣ «ልጄ፣ ተባረኪ፣ ጥሩ ተናግረሻል። ግን እኛ ዝቅ ካልን እነሱ ማንን ቀና ብለው ያያሉ?» አሏት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀችና፣ «አባት፣ ዝቅ የምትሉት ለትንሽ ጊዜ ነው። ደግሞ ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ቀን አይደለም» አለች።

ይህችን «ቀስ በቀስ» የምትለዋን ነገር እኔ አልሰማኋትም። ገና «ይቅርታ ጠይቁ» የሚለው ላይ ደንግጬ ቀርቼ ነበር። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች» የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ሱቄ ተመልሼ በሩን ገርበብ አድርጌ ተለማመድኩ። ልብስ የማሳይባት ጭንቅላት የሌላት የፕላስቲክ አሻንጉሊት አለችኝ። ፊቷ ተንበርክኬ «እወድሻለሁ» አልኳት። አንገቷን ሳይ አፈርኩ። «እወድሻለሁ!» ስል ደግሞ ድምፄ ከፍ ብሎ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆመ። «ማንን ነው?» አለኝ በበሩ አንገቱን አስግጎ። ምን ልበለው? «ኮቱን ነው» አልኩት።

አመሻሽ ላይ ብስኩትና ከረሜላ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ሀያት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሳልጮህ ገባሁ። ይሄ ራሱ አስደንግጧት ቀና አለች። ብስኩቱን ሰጠኋት። ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ሀያትዬ» አልኩ። በሕይወቴ «ዬ» ጨምሬ ጠርቻት አላውቅም። አቀፍኳት። ከዚያ ሳልረሳው ልጨርስ ብዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለቀቅሁት፦ «እወድሻለሁ፣ ስጮህብሽ ኖሬአለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ አፉ በይኝ።»

ይቅርታ የቢሮ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ ከልብ ሲሆን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አፉ በለኝ» ነው የሚለው።

ልጄ በእጄ ውስጥ እንደ ጣውላ ደረቀች። ፊቷ አመድ መሰለ። ብስኩቱ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ውሃ ቀድታ ተመልሳ እግርህን ካላጠብኩ አለችኝ፤ እራት ስበላ አጠገቤ ተለጠፈች፤ ልብሴን ይዛ ተኛች። እኔ ደስታዬን አትጠይቁኝ! ተአምር ነው አልኩ። ባለሙያዋን በልቤ መረቅኋት። ሁለት ዓመት ያልቀረበችኝ ልጅ በአንድ ምሽት እቅፌ ውስጥ ገባች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይሄ ነው።

ጠዋት ስነሣ ግራ ጫማዬ የለም። አልጋ ሥር የለም፣ በር ላይ የለም። ድሮ ቢሆን ኖሮ ጩኸቴ አጅባር ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን አትጩሁ ተብያለሁ። በቀኝ እግሬ የቆዳ ጫማዬን፣ በግራ እግሬ የክረምት ቦቲዬን አደረግሁና በዝምታ ወጣሁ። ደጃፍ ላይ እትዬ በለጡ ቆመዋል። ልጆቻቸው ቅዳሴ አርፍደውባቸው ነበር፤ የሚቀሰቅስ ድምፅ ስላልሰሙ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ ወንድሜ?» አሉኝ።

«ከእንግዲህ አልጮህም እትዬ በለጡ። ዝም ብዬ ነው የምሄደው» አልኳቸው በለሰለሰ ድምፅ።

እግሬን አዩት። ፊቴን አዩት። አማተቡ።

በማግስቱ መታወቂያዬ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ትልቁ መቀሴ ጠፋ። ልብስ ሰፊ ያለ መቀስ ምን ይሆናል? ሱቁ ውስጥ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሀያት ደግሞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቄ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ውሃ ሽንት ልወጣ ስነሣ ትነሣለች። ጎረቤት ሱቅ ክር ልበደር ስሄድ ከኋላዬ ትከተላለች። ሱብሂ ልሰግድ መስጊድ ስሄድ እንኳ በጨለማ ተነሥታ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ልጄ ወደደችኝ!» እያልኩ አወራለሁ። ኮሌታዋን ግን እንደዚያ ሰሞን በልታው አታውቅም፤ ኮሌታውን ጨርሳ እጅጌዋን ጀምራለች። ይህን እያየሁ አላየሁም።

የከተማው ሰው ጠባይ ደግሞ ተለወጠ። ሱሪ አጠረብኝ ብሎ ሲጨቃጨቀኝ የከረመው ደንበኛ መጥቶ እጄን ያዘና «ሱሪው ምንም አይል፣ ረዝሟል እንዲያውም፣ እኔንም አፉ በለኝ» አለኝ። ገረመኝ። ይሄ የአእምሮ ጤና ትምህርት እንዴት በፍጥነት ተዳረሰ! አንዷ ሴት ደግሞ የሰርግ ጨርቋን ሳልሰፋው ልወስደው አለች። «ገና አልጀመርኩትም እኮ» ብላት፣ «ግድ የለም፣ አንተ አትድከም፣ አብሽር፣ አላህ አፊያህን ይስጥህ» ብላ ጨርቁን ይዛ ሄደች። ከሷ በኋላ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ሌላው። ሁሉም ጨርቁን ይወስዳል፤ ሁሉም ይመርቀኛል። አንዱ ኮት ግማሽ የተሰፋ ነው፤ ያለ እጅጌው ወሰደው። ሰው የሚሰፋለት ሰፊ ሳይፈልግ ሰፊውን ብቻ ሲወድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ በለጡ ጠዋትና ማታ አብሽ እያመጡ «ጠጣ፣ ላንተ ነው፣ ጠጣ» ይሉኛል። ጠጣሁ። ወፈርኩ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ጋሽ ይመር ናቸው። አርብ ከጁምዓ መልስ ግቢዬ ገቡ። «ሰላም አለይኩም፣ አፊያ ነህ?» ካሉኝ በኋላ ግቢውን ከወዲያ ወዲህ ያዩ ጀመር። አጥሩን በእርምጃ ሲለኩት አየኋቸውና፣ «ምንድን ነው ጋሽ ይመር፣ ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«አይ፣ እንዲያው... ድንኳን ቢተከል ይበቃ እንደሆን ብዬ ነው።»

«የማን ድግስ ነው?»

ጋሽ ይመር ሳል ያዛቸው። «ያው... ሰው ሲሰበሰብ መቼም...» አሉ። እኔ ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ይሆናል፣ ግቢያቸው ጠቦባቸው የእኔን ሊለምኑ አፍረው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። «በእርምጃ ሲለካ ይሳሳታል ጋሽ ይመር፤ ቆዩ» አልኩና የራሴን ሜትር አምጥቼ አንዱን ጫፍ ይዤላቸው ከአጥሩ እስከ ግድግዳው ለካን። እንዲያውም «ያን በርበሬ ማስጫ ብናነሣው ይሰፋላችኋል፤ ሰው እንዳይጨናነቅ» ብዬ መከርኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸውን ዘርግተው፣ «አላህ ኻቲማህን ያሳምረው» አሉኝ።

«አሚን!» አልኩ ከልቤ። ኻቲማ መጨረሻ መሆኑን እያወቅሁ «አሚን» አልኩ። ሜትሬን ጠቅልዬ ልገባ ስል ከመንገዱ ዋይታ ሰማሁ።

«ወንድምዓለሜን! ኧረ ወንድምዓለሜን! የኔን ሰፊ! የኔን ጯሂ!»

እህቴ ዘሀራ ናት፤ ታላቄ ናት፤ ወረኢሉ ነው ያለችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች፣ መኪና ቀያይራ መጥታለች። ከኋላዋ ሴቶች ተከትለዋታል። በሩ ላይ ስትደርስ እኔ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ቦቲ፣ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜአለሁ። አየችኝና ባሰባት። «ጨርሷል! ቆሞ እያየኝ ነው እንጂ ጨርሷል!» ብላ ወደቀች።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ ደንግጬ።  ዞር ዞር አልኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሁሉም እኔን ያያል።

በመጨረሻ እትዬ በለጡ ናቸው የደፈሩት። «አንተ ነህ!» አሉኝ እያለቀሱ። «አንተ ነሃ! ከሕፃን ልጅ አፉ በይኝ ያልከው ለምንድን ነው? ሀያት ናት ያን ማታ ሮጣ መጥታ የነገረችኝ። ሰው ከልጁ አፉታ የሚለምነው መቼ ነው? ሐጅ ሲሄድ ነው፣ ባሕር ሲሻገር ነው፣ ወይ ሲሞት ነው! ሐጅ እንዳትሄድ አቅም የለህ! ባሕር እንዳትሻገር ጉልበት የለህ! ምን ቀረህ ታዲያ?»

ደሜ ከእግሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ ወጣ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ አብሹ፣ ምርቃቱ፣ ያለ እጅጌው የሄደው ኮት፣ የለካሁት ድንኳን። የገዛ ድንኳኔን ሜትር ይዤ! ስንት ቀን ያፈንኩት ጩኸት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ማን ሊሞት ነው?! አልሞትም! አልታመምኩም! እትዬ ዘሀራ ተነሺ ከመሬት፣ ነጠላሽን አቆሸሽው! ያ ሰውዬ ኮቴን መልስ! ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሰው ልጁን ስላቀፈ የሚቀብሩት? ጋሽ ይመር፣ እርስዎም! ቤቴን ለቃችሁ ውጡ፣ ጫማዬስ የት ነው ያለው? ሀያት! ሀያት! ጫማዬን የት አደረስሽው?!»

 ከዚያ የከሰል ጆንያ ከምናስቀምጥበት ጥግ ፍርስርስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሀያት ወጣች። ግራ ጫማዬን በደረቷ አቅፋለች። መታወቂያዬ ጫማው ውስጥ ነው፣ መቀሴ ክንዷ ሥር ነው። ፊቷ በከሰል ጠቁሯል። እየሳቀችም እያለቀሰችም ወደ እትዬ በለጡ ሮጠችና ከስንት ጊዜ በኋላ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፦

«ተቆጣ! እትዬ በለጡ፣ ተቆጣ! አይሄድም!»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩና ቀረሁ። «የት እሄዳለሁ?» አልኳት። ሳላስበው ተንበርክኬአለሁ። ይህን ጊዜ ባለሙያዋን አላሰብኳትም።

ሀያት ጫማውን አልለቀቀችም። «እማዬም እንዲህ አደረገች» አለችኝ። «ብስኩት ገዛችልኝ። ቁጭ ብላ አቀፈችኝ። እወድሻለሁ፣ አፉ በይኝ አለችኝ። እኔም አፉ አልኳት። ጠዋት ስነሣ ጫማዋ በር ላይ የለም።»

 እህቴ እንኳ ዋይታዋን አቆመች። ሁላችንም እናውቃለን። አረብ አገር የሚሄድ ሰው ልጅ ሲተኛ ነው የሚወጣው፤ እንዳያለቅስ፣ ሆዱ እንዳይባባ። ሰዓዳንም በጎህ የሸኘናት እኔና እትዬ በለጡ ነን፤ በጫማችን ጫፍ እየተራመድን፣ ልጅቷ እንዳትነቃ እየተጠነቀቅን። ጎበዝ፣ አልነቃችም ብለን ተመሰጋግነን ነበር።

«አንተ ስትጮህ ማታ ትመጣለህ» አለች ሀያት። «ሁልጊዜ ጮኸህ ሄደህ ትመጣለህ። ዝም ስትል ግን...» ኮሌታዋን ወደ አፏ ወሰደችው። «እማዬ የሄደችው እኔ ስለተኛሁ ነው። አሁን አልተኛም።»

ወገኖቼ፣ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል። የእህቴ ዋይታ አስደንግጦኛል፣ የራሴ ድንኳን አስደንግጦኛል። እንደዚህች ቃል ግን አጥንቴ ድረስ የገባ የለም። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ሆና ኖራለች፤ ጥፋቷም እንቅልፍ ነው። እኔ ደግሞ ኮሌታ ስሰፋ ነበር።

ጋሽ ይመር ሰውን በዓይናቸው ጠቅሰው ይዘውት ወጡ። እትዬ በለጡም ሄዱ፤ ሲሄዱ ግን አብሹን ይዘውት ሄዱ፤ ለሟች እንጂ ለደህና ሰው አይደለም መቼም።

ሰኞ ጠዋት መምህሯ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስቃ ሞተች፤ ከዚያ ስታየኝ መሳቋን አቆመች። «ሁሉንም በአንድ ማታ አድርግ ማን አለህ?» አለችኝ። «ማቀፉን አትተወው። ግን ስትሄድ ነቅታ እያለች ነግረሃት ሂድ፤ እመጣለሁ ባልክበት ሰዓት ና። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።» ይችን ቀስ የምትል ቃል አሁን ሰማኋት።

ሰዓዳ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ሀያት ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ከሚል በቀር ቃል አይወጣትም ነበር። በቀጣዩ እሁድ ግን ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ከእናቷ ሰላምታ በፊት፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ጫማሽን ደብቄው ቢሆን ኖሮ አትሄጂም ነበር አይደል?» አለቻት።

  ከጎኗ ቆሜ የሰዓዳን ትንፋሽ ሰማሁ።

«በባዶ እግሬም እሄድ ነበር ሆድዬ» አለች። «ላንቺ ነው የሄድኩት። ያንቺ ጥፋት የለበትም። ተኝተሽ ጥዬሽ የወጣሁት ስታለቅሺ ካየሁ አልችልም ብዬ ነው። አንቺ ስለተኛሽ አይደለም። እኔ ፈርቼ ነው። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አለች ሀያት። «ግን ቀስቅሰሽኝ ቢሆን አለቅስና እለቅሽ ነበር» አለቻት። ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በጥሩ ካውያ የተተኮሰ ሱሪ ደግሜ ተኮስኩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነን እንኖራለን። ግራ ጫማዬ ማታ ማታ ሀያት ትራስ ሥር ያድራል። መስጊድ የምሄደው በነጠላ ጫማ ነው። ጠዋት ስትነቃ «ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ጫማዬን ትሰጠኛለች። በነገርኳት ሰዓት እመጣለሁ። አንድ ቀን የደጎሎ ሰው ልብስ አዝዞኝ ዘገየሁና ወደ ቤት እየሮጥኩ ስሄድ ያየኝ ሁሉ «ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ አብሮኝ ሮጠ። እቅፉም አልቀረም፤ ግን ሳቅፋት መሐል ላይ ትንሽ ካልተቆጣኋት ትጠራጠራለች። «ጥፍርሽን ተቆረጪ!» እያልኩ ነው የማቅፋት።

ኮሌታውን ቀስ በቀስ እየተወችው ነው። እረፍት ላይም ከግንቡ ሥር ወጥታ ከአንዲት ልጅ ጋር ገመድ ትዘልላለች አለችኝ መምህሯ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ተነሣሁና ክው አልኩ። ሁለቱም ጫማዎቼ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሀያት አልጋዋ ላይ ናት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

«ጫማውን ረሳሽው እንዴ?» አልኳት።

«አልረሳሁትም» አለችኝ ሳትዞር። «ተኛሁ።»

ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አጠለቅሁ። ክሩን አሰርኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ጥቂት ተራመድኩ፣ ከዚያ ቆሜ ሰፈሩ ሁሉ እስኪነቃ ድረስ ጮህኩ፦

«ሀያት! ተነሺ! ዳቦውን ጨርሺው! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ!»

«እሺ አባዬ፣ ሰማሁ፣ አትጩህ!» ብላ ጮኸች ከውስጥ፣ እየሳቀች።